ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መታጠፍ ግን አቃተው፦ ሞተርና ኮንትሮለር እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ «የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በግቢያችን ውስጥ መጻሕፍት የሚያመላልስ ባለ አራት ጎማ ሮቦት እየሠራን ነው። ራሱ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ እስከ 8 ኪሎ እንዲጭን እንፈልጋለን። የጎማው ዲያሜትር 15 ሴንቲ ሜትር ነው። አራት ባለ 12 ቮልት፣ 330 ዙር በደቂቃ የሚሉ ሞተሮች ገዝተን በየጎኑ ሁለት ሁለቱን አጣምረን በአንድ ኤል298ኤን ኮንትሮለር (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጥና አቅጣጫውን የሚቀይር ሰሌዳ) እናሽከረክራቸዋለን። ባትሪያችን የዩፒኤስ ባትሪ ነው፣ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት። ሴራሚክ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲታጠፍ ግን ይቆማል፣ ኮንትሮለሩ እጅ ያቃጥላል፣ አርዱዊኖውም (ኮዳችን የተጫነበት ትንሹ ኮምፒውተር) ጠፍቶ ይነሳል። አንድ ሻጭ ‹43 አምፔር የሚችል ኮንትሮለር አለ፣ እሱን ውሰዱ› ብሎናል። ይፈታልናል? ወይስ ሞተሩንም እንቀይር? መንገዱ ኮብልስቶን አለበት፣ አንድ ዳገታማ መወጣጫ (ራምፕ)ም አለ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ክብደቱን፣ ጎማውን፣ ባትሪውንና መንገዱን ሳትረሺ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። «ሮቦቴ አይንቀሳቀስም፣ ምን ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ መስጠት አይቻልም። ለእናንተ ግን በቁጥር መመለስ ይቻላል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ኮንትሮለሩ ብቻውን ቢቀየር አይፈታላችሁም። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ሮቦቱ ግን ያው አይታጠፍም። ችግሩ የተጀመረው ከሞተሩ ነው፣ ከሞተሩም በፊት ከጎማዎቹ አቀማመጥ። ዕቃ የገዛችሁበት ቅደም ተከተል ተገልብጧል። መጀመሪያ መሬቱ ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ ይሰላል። ሞተር የሚመረጠው ከዚያ ነው። የሞተሩ ከረንት ሲታወቅ ኮንትሮለር ይገዛል። ባትሪ፣ ሽቦና ፊውዝ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

እንግዲህ ከመሬቱ እንጀምር። ሮቦቱ ከነጭነቱ 20 ኪሎ ነው፤ ወደ ኒውተን ሲቀየር 196 ይሆናል። ሦስት ነገሮች ወደ ኋላ ይጎትቱታል። አንዱ ዳገቱ ነው። ራምፑን በሜትር ለኩት። በ1 ሜትር ርቀት 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚል ከሆነ 10 ዲግሪ ማለት ነው፤ እኔም በዚህ አስላለሁ። ለዚህ ብቻ 34 ኒውተን ያስፈልጋል። ሁለተኛው የጎማው መንከባለል የሚበላው ነው። ሴራሚክ ላይ ከክብደቱ 3 በመቶ ቢሆን ነው። ኮብልስቶን ላይ፣ ያውም እንዲህ ባለ ትንሽና ጠንካራ ጎማ፣ 10 በመቶ ልያዝላችሁ፤ 20 ኒውተን። ሦስተኛው ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነት ለማግኘት የሚያስፈልገው ነው። በየሰከንዱ ግማሽ ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር ከፈለጋችሁ 10 ኒውተን። ሲደመር 64።

ይህ ኃይል በጎማው ሬድየስ፣ በ0.075 ሜትር፣ ሲባዛ 4.8 ኒውተን-ሜትር ይመጣል። ይህ ነው ቶርክ የሚባለው፣ ጎማውን የሚጠመዝዘው ጉልበት። ሁለት ሞተር ቢካፈለው (ለምን አራት እንዳልሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ) ለእያንዳንዱ 2.4 ይደርሰዋል። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ-ሴንቲሜትር ነው የሚጽፉት። 1 ኒውተን-ሜትር በግርድፉ 10 ኪሎ-ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ እናንተ የምትፈልጉት 24 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ሞተሩ ላይ «25 ኪሎ-ሴንቲሜትር» የሚል ሲያይ «በቃ፣ ይበቃል» ይልና ይገዛል። ያ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ታንቆ ሲቆም የሚያወጣው የመጨረሻው ቶርክ ነው፤ ስቶል ቶርክ ይባላል። በዚያ ጉልበት ላይ ሞተሩ አይዞርም። የሚሳበው ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ትንሽ ከቆየ ጥቅሉ ይቃጠላል። እኔ የምከተለው መመሪያ፣ ከባዱ ሥራ ከስቶል ቶርኩ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይበል። ስለዚህ 2.4 የሚያስፈልገው ሰው 8 ኒውተን-ሜትር፣ ማለትም 80 ኪሎ-ሴንቲሜትር አካባቢ ስቶል ቶርክ ያለው ሞተር ይፈልግ።

አሁን የገዛችሁትን እንየው። 12 ቮልት፣ 330 ዙር፣ 37 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ጥሩ የሚባለው እንኳ ስቶል ቶርኩ ወደ 1.4 ኒውተን-ሜትር ነው። አራቱ ተደምረው 5.6። ራምፑ የሚጠይቀው 4.8 ስለሆነ አፋፍ ላይ ናችሁ፤ ሊወጣው ቢሞክርም እየታነቀ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነቱን አስቡት። 15 ሴንቲ ሜትር ጎማ በአንድ ዙር 47 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 330 ዙር ማለት በሰከንድ 2.6 ሜትር ነው። ሰው ሮጦ የሚደርስበት ፍጥነት! መጻሕፍት የጫነ ሮቦት ሰው በሚመላለስበት ግቢ በዚህ መሄድ የለበትም። ከእግረኛ ትንሽ ዘገም ያለ፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር ይበቃል። ይህ ደግሞ በደቂቃ 100 ዙር ገደማ ነው። ጭነት ላይ እንደሚቀንስ አስባችሁ ባዶውን ሲሽከረከር 130 ዙር የሚል ፈልጉ። ሹፌር ዳገት ሲመጣ ከባዱን ማርሽ እንደሚያስገባው፣ እናንተም የማያስፈልጋችሁን ፍጥነት ሰጥታችሁ ጉልበት መውሰድ ነበረባችሁ።

«ታዲያ ሴራሚክ ላይ ለምን ሄደ? መታጠፍ ላይስ ለምን ቆመ?» ትይኛለሽ። ሴራሚክ ላይ ቀጥ ብሎ ለመሄድ 16 ኒውተን ያህል ይበቃዋል፤ እሱን ችለውታል። መታጠፉ ሌላ ጉዳይ ነው። የእናንተ አራት ጎማዎች መሪ የላቸውም። ሮቦቱ የሚዞረው አንዱ ጎን ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ታዲያ ሲዞር አራቱም ጎማዎች ወደ ጎን መፋቅ አለባቸው። ጎማ ደግሞ የተሠራው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ርቀት ከግራና ቀኝ ጎማዎቹ ርቀት ጋር እኩል ነው እንበል። ጎማውም ወለሉን የሚይዝበት ኃይል ከክብደቱ 0.6 እጥፍ ይሁን። በቦታው ለመዞር የሚያስፈልገው ጠቅላላ ኃይል በግርድፉ 118 ኒውተን ይደርሳል። ራምፑን ከመውጣት በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ወደ ቶርክ ስትቀይሩት 8.8 ነው፤ የእናንተ አራት ሞተሮች ታንቀው እንኳ የሚያወጡት 5.6። ስለዚህ ሮቦታችሁ መታጠፍ ያቃተው ኮዱ ተበላሽቶ አይደለም። ሻጩ የነገራችሁ ኮንትሮለርም ይህን ክፍተት አይሞላውም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክራችሁ አራቱን ጎማ እንድትተዉት ነው። ሁለት ሞተር ያላቸው ጎማዎች፣ ከፊት ደግሞ እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ ዙሪያውን የሚዞር አንድ ነፃ ጎማ አድርጉ። ወደ ጎን የሚፋቅ ነገር ስለማይኖር መታጠፉ ቀላል ይሆናል። የአራት ሞተሩ ገንዘብም ለሁለት ጥሩ ሞተር ይውላል። ነፃው ጎማ ኮብልስቶኑ ክፍተት ውስጥ እንዳይሰነቀር 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ባትሪው ከሁለት ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በሚነዱት ጎማዎች አካባቢ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከክብደቱ 60 በመቶው በእነሱ ላይ ካረፈ፣ መሬቱን ይዘው ሊገፉ የሚችሉት 70 ኒውተን ያህል ነው። የሚያስፈልገን 64 ስለሆነ በቂ ነው። ክብደቱ ወደ ነፃው ጎማ ካጋደለ ግን ምንም ዓይነት ሞተር ብትገዙ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል እንጂ ዳገቱን አይወጣም። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ የሚነዱት ጎማዎች ከኋላ መሆናቸው ይጠቅማችኋል።

የትኛውን ሞተር? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው 12 ቮልት፣ ፕላኔታሪ ማርሽ (በመሃል ማርሽ ዙሪያ ትንንሽ ማርሾች የሚዞሩበት) ያለው፣ ባዶውን ከ120 እስከ 130 ዙር የሚሄድ፣ ስቶል ቶርኩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ-ሴንቲሜትር የሆነ፣ ኢንኮደር (ዙሩን የሚቆጥር መሣሪያ) የተገጠመለት ሞተር ነው። ኢንኮደሩን አትዝለሉት። ሁለት ሞተር ከአንድ ካርቶን ቢወጣም እኩል አይዞርም። ያለ ኢንኮደር ሮቦቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

እሱ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ፣ መርካቶ ሱማሌ ተራም ሆነ በከተማችሁ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሂዱና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ጠይቁ። ይህን ሞተር እወደዋለሁ። ጉልበቱ ከበቂ በላይ ነው። ዎርም ማርሽ (እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ማርሽ) ስላለው ኤሌክትሪክ ቢጠፋ እንኳ ዳገት ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ወደ ኋላ አይንሸራተትም። በዚያው ልክ ሮቦቱን በእጅ መግፋት አትችሉም። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው። አብዛኛው በዝቅተኛው ከ40 እስከ 50፣ በከፍተኛው 65 ዙር አካባቢ ነው። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ጎማ ብታደርጉለት በከፍተኛው በሰከንድ 0.7 ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ለጎማው ማያያዣ የሚሆን ነገር ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ አለባችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በብዙዎቹ የመጥረጊያ ሞተሮች ኔጋቲቩ ከሞተሩ ቆርቆሮ አካል ጋር የተገናኘ ነው። መኪና ላይ ምንም ችግር የለውም። ሮቦት ላይ ግን ኮንትሮለሩ አቅጣጫ ሲቀይር ያ ቆርቆሮ 12 ቮልት ይሆናል። ሁለት ሞተር በአንድ የብረት ሻሲ ላይ ካሰራችሁና አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲዞር ሾርት ነው። በቴስተር አረጋግጡ። ተገናኝቶ ከሆነ ሞተሩን ከሻሲው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ለዩት፤ ቡሎኖቹንም አትርሱ።

የሆቨርቦርድ ጎማ ብትሉኝ፣ ግሩም ነገር ነው። ሞተሩ ጎማው ውስጥ ነው፣ ማርሽ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ግን 36 ቮልት ባትሪና የብረሽለስ (ካርቦን የሌለው ሞተር) ኮንትሮለር ይፈልጋል፤ ሥራውም ይበዛል። 50 ኪሎ ለሚጭን ሮቦት ቅድሚያ እሰጠው ነበር። ለእናንተ 20 ኪሎ አያስፈልግም። ስቴፐር ሞተርን (በትንንሽ እርምጃ የሚዞረውን) ደግሞ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ቆሞም ከረንት ይበላል፣ ከክብደቱ አንጻር ጉልበቱ ትንሽ ነው።

ሞተሩን ስትገጥሙ የሮቦቱን ክብደት የማርሽ ሳጥኑ ዘንግ ብቻ እንዳይሸከመው። ጎማውን በተቻለ መጠን ወደ ማርሽ ሳጥኑ አስጠጉት። ከተቻለ ጎማውን በራሱ ዘንግና በኩሽኔታ ላይ አሳርፉት፤ ሞተሩ ማዞር ብቻ ይሁን ሥራው። ኮብልስቶን ላይ በየድንጋዩ የሚመታው ይህን ዘንግ ነው።

አሁን ወደ ኮንትሮለሩ እንምጣ። ኮንትሮለር የሚመረጠው በሞተሩ ስቶል ከረንት ነው፣ ማለትም ሞተሩ ታንቆ ሲቆም በሚስበው። ምክንያቱም ሞተር ከቆመበት በተነሳ ቁጥር ለቅጽበትም ቢሆን እዚያ ይደርሳል። የ80 ኪሎ-ሴንቲሜትሩ ዓይነት 12 አምፔር አካባቢ ይሆናል። የመጥረጊያ ሞተር 20ን ሊያልፍ ይችላል። ወረቀቱን ብቻ አትመኑ፣ ራሳችሁ ለኩት።

አለካኩ ቀላል ነው። የሞተሩን ዘንግ በሞርሳ አጥብቃችሁ ያዙት። 12 ቮልት አትስጡት፤ ማርሹን ይሰብራል። አንድ የሊቲየም ሴል፣ 3.7 ቮልት፣ ይበቃል። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉና ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ አገናኙ። በሌላ ቴስተር ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አንብቡ። 3.4 ቮልት ላይ 3.4 አምፔር ከሳበ፣ 12 ቮልት ላይ 12 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ዘንጉን ትንሽ አዙራችሁ ሁለት ሦስቴ ድገሙት፤ ካርቦኑ የሚነካበት ቦታ ሲቀየር ቁጥሩም ይለያያል። ትልቁን ያዙ።

በዚህ ዓይን ኤል298ኤንን እዩት። በአንድ ቻናል (ሞተር በሚያያዝበት በአንዱ መውጫ) 2 አምፔር ነው አቅሙ። የእናንተ ሁለት ሞተሮች ተጣምረው ሲታነቁ 11 አምፔር ሊስቡ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ኤል298 አሮጌ አሠራር ነው፣ ውስጡ ባይፖላር ትራንዚስተር ነው። በ2 አምፔር ላይ እስከ 4.9 ቮልት ድረስ ራሱ ውስጥ ይቀራል። ወደ 10 ዋት ሙቀት ማለት ነው፣ በዚያች ትንሽ ማቀዝቀዣ ላይ! እጅ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ሞተሩም 12 ቮልት አይደርሰውም። ለትንንሽ መጫወቻ ሞተሮች እንኳ ዛሬ ቲቢ6612 ወይም ዲአርቪ8833 ይሻላሉ፤ ለእናንተ ግን እነሱም ትንሽ ናቸው።

ሻጩ ያላችሁ 43 አምፔር ቢቲኤስ7960 የሚባለው ሞጁል መሆን አለበት። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን 43 ቺፑ ራሱን ለመከላከል ከረንት መገደብ የሚጀምርበት ቁጥር ነው። ከዚያች ማቀዝቀዣ ጋር ያለማቋረጥ 43 አምፔር ይችላል ማለት አይደለም። ከ10 አምፔር ብዙም ሳላልፍ ነው የምጠቀምበት። ለእናንተ ይበቃል፤ ምክንያቱም አዲሱ ሞተር ራምፑ ላይ 4 አምፔር፣ ሜዳ ላይ 2 አካባቢ ነው የሚስበው፤ 12 የሚደርሰው ለቅጽበት ነው። ቺፑ ውስጥ የሚባክነው ኃይል በ4 አምፔር ላይ ከግማሽ ዋት በታች ነው። አንዱ ሞጁል አንድ ሞተር ብቻ ስለሚነዳ ሁለት ግዙ። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ እንደ ሳይትሮን ኤምዲዲ10ኤ ያለ ሁለት ሞተር የሚነዳ፣ በየቻናሉ ያለማቋረጥ 10 አምፔር የሚችል ሰሌዳ የበለጠ አምናለሁ። ሮቦክሎ የሚባለው ደግሞ ኢንኮደሩን ራሱ አንብቦ ፍጥነቱን ያስተካክላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። የመጥረጊያ ሞተር ከመረጣችሁ በቢቲኤስ7960ም ሆነ በኤምዲዲ10ኤ ከረንቱን በኮዳችሁ ገድቡ፣ ወይም ከ20 አምፔር በላይ የሚችል ፈልጉ።

ኮዱ ላይ ሁለት ነገር። የፒደብሊውኤም (ኃይሉን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ምልክት) ድግግሞሹን ከ16 እስከ 20 ኪሎሄርዝ ካደረጋችሁት ሞተሩ አያፏጭም፤ እነዚህ አዳዲሶቹ ኮንትሮለሮች ይችሉታል። ሁለተኛው የበለጠ ወሳኝ ነው። በሙሉ ፍጥነት ወደ ፊት እየሄደ በድንገት ወደ ኋላ አታድርጉት። በዚያ ቅጽበት እየዞረ ያለው ሞተር የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ይደመራል። ከረንቱም ከስቶሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍጥነቱ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወጣና እንዲወርድ አድርጉ። ብዙ ኮንትሮለር የሚቃጠለው ከጭነት ይልቅ በዚህ ነው።

አርዱዊኖው ጠፍቶ የሚነሳው ሞተሩ ብዙ ሲስብ የባትሪው ቮልቴጅ ስለሚወርድ ነው። ለአርዱዊኖው የራሱ 5 ቮልት አውራጅ ሞጁል ስጡት፤ ከሞተሩ ኮንትሮለር 5 ቮልት አትውሰዱ። ኔጋቲቩ ግን የሁሉም የጋራ ይሁን። በየኮንትሮለሩ መግቢያ 1000 ማይክሮፋራድ፣ በየሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በይዱ።

ባትሪያችሁን መቀየር አያስፈልግም። ሜዳ ላይ በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 አምፔር ትስባላችሁ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። ያ ማለት በአንድ ቻርጅ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ለማሳያ ይበቃል። ከባትሪው እስከ ኮንትሮለሩ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጠቀሙ። ለቤት መስመር የሚሆነው አንድ ድፍን መዳብ ሳይሆን ባለ ብዙ ክር የሆነውን፤ ድፍኑ በንቅናቄ ብዛት ይሰበራል።

ለሞተር የሚሆን ገንዘብ አሁን ከሌላችሁ፣ ያላችሁን ሞተር ሳትጥሉ መሥራት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ከአራቱ ሁለቱን ብቻ ተጠቀሙ። ከነፃ ጎማ ጋር፣ የሚነዱትን ጎማዎች ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አሳንሱ፣ ፍጥነቱን በኮድ ገድቡ። ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ላይብረሪው ውስጥ፣ 20 ኪሎውን ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩ ከአቅሙ 30 በመቶ አካባቢ ነው የሚሠራው። ራምፑንና ኮብልስቶኑን ግን አትሞክሩት።

ሁሉ ነገር ሲገጠም፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የመኪና 15 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ ቀጥሎ በቡጢ ተመትቶ የሚያጠፋ ቀይ ማቆሚያ ስዊች አድርጉ። ስዊቹ የሞተሩን ከረንት ራሱን ይቁረጥ እንጂ ለአርዱዊኖው ምልክት ብቻ የሚሰጥ አይሁን። መጀመሪያ ሮቦቱን ብሎኬት ላይ አስቀምጣችሁ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው፣ በ5 አምፔር ፊውዝ ሞክሩት። ሁለቱም ጎማ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞርና ኢንኮደሮቹ ሲቆጥሩ 15ቱን መልሱና መሬት ላይ አውርዱት። ጭነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ በየመሃሉ ሞተሩንና ኮንትሮለሩን በእጃችሁ ዳብሱ። አምስት ሰከንድ መያዝ ካቃታችሁ አቁሙና ከረንቱን እንደገና ለኩ።